ንፋስ ቢቀነስ ጎማ መንገድ ይይዛል? የስፖርት መኪና ባለቤቶች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ክረምቱ እየተቃረበ ሲመጣ ለዚህ ዓምድ የሚላኩት ደብዳቤዎች ከሞተርና ከቀለም ወደ ጎማ ይዞራሉ። በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚኖሩና ፈጠን ያለ መኪና ከሚያሽከረክሩ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ የጻፉልን ሌሎችም ስላሉ፣ መልሱን ከነምክንያቱ ሰፋ አድርገን ለማቅረብ ሞክረናል።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለኝ፤ ሞተሩ የሚያዞረው የኋላ ጎማዎቹን ነው። የጎማው ልክ በአራቱም እግር 225/45 አር 17 ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከአደባባይ ስወጣ ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ይሄድብኛል። ባለፈው ወር ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ፣ መሪው ፊት ነውና ከፊት አስገጠምኳቸው፤ ከኋላ ያሉት የቆዩት ናቸው። የሰፈሬ ጎሚስታ «የኋላውን ንፋስ ወደ 22 እናውርደው፣ ጎማው ሰፍቶ መሬት ይቆነጥጣል» ይለኛል። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን 32 ይላል። ማንን ልስማ? (አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የበሩን ጽሑፍ ይስሙ። ነገር ግን ከንፋሱ በፊት፣ በደብዳቤዎ መሃል እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነገር ላይ ማተኮር ይገባናል፤ አዲሶቹን ጎማዎች ከፊት ማስገጠምዎ ነው ዋናው ችግር። ሁለት ጎማ ብቻ ሲገዛ አዲሶቹ ከኋላ እንዲገጠሙ የጎማ አምራቾች አጥብቀው ይመክራሉ፤ ይህም ሞተሩ ፊቱን ለሚያዞረው መኪና ጭምር ይሠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ገፍቶ ይሄዳል፣ አሽከርካሪው ነዳጁን ሲለቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው በራሱ ዙሪያ መዞር ይጀምራል፣ ይህንንም በእርጥብ አስፋልት ላይ አርሞ መመለስ የሚችለው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። የእርስዎ መኪና በዚያ ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚያወጣው በኋላ ጎማዎቹ ስለሆነ፣ ጥርሳቸው ያለቀውን ከኋላ መተው ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የኋላዎቹን ጥርስ መለካት ነው። አዲስ የመንገድ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ ይመጣል። በጥርሶቹ መካከል፣ ቦይ ውስጥ ተኝተው የሚታዩ ትናንሽ የላስቲክ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከእነርሱ ጋር እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በብዙ አገሮች ሕግም ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ እንደ እርስዎ ላለ መኪና ክረምቱን በ3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ከመጀመር አዲስ መግዛትን እመርጣለሁ፤ ውሃውን ከጎማው ሥር አውጥቶ የሚጥለው ያ ቦይ ነውና። የአራቱም ጎማዎች ልክ አንድ ስለሆነ አዲሶቹን ወደ ኋላ ማዞር አያስቸግርም። ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ ግን የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ እንደሆነ ይዙር።

አሁን ወደ ንፋሱ እንምጣ። ጎሚስታዎ የሰጡት ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሸዋ ውስጥ የሚገቡ ላንድክሩዘር ነጂዎች ንፋስ ይቀንሳሉ፣ ትክክልም ያደርጋሉ፤ አሸዋ ላይ ጎማው እንዳይሰምጥ ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ መበተን አለበት፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው። አስፋልት ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የአንድ ጎማ መሬት የሚነካው ክፍል ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ንፋሱ ሲጎድል ይህ ቦታ በርዝመቱ ያድጋል፣ ነገር ግን ክብደቱ ወደ ሁለቱ ጠርዞች ሸሽቶ መሃሉ ይለሰልሳል፣ ቦዮቹም ይጠባሉ። መኪናው ሲታጠፍ የጎማው ጎን ስለሚተኛ መሪው ዘግይቶ ይታዘዛል። በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ያ የሚተጣጠፍ ጎን ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ውስጡ ያሉት ክሮችም ከላስቲኩ ይላቀቃሉ፤ ጎማ በረጅም ጉዞ ላይ ከሚፈነዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በዝናብ ጊዜማ ጉዳቱ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ናሳ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ጎማ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከመሬት የሚለይበት ፍጥነት ከንፋሱ ግፊት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት በላይ በተኛበት መንገድ ያንን ስሌት ብንጠቀም፣ 32 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) የያዘ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ 22 የያዘው ግን 78 ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። የመኪና ጎማ ከአውሮፕላን ጎማ ጋር አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን እንደ ግምት ይያዟቸው፤ አቅጣጫው ግን የማያጠራጥር ነው። ንፋስ መቀነስ ውሃ ውስጥ መንገድ አያስይዝም፣ ያስለቅቃል እንጂ።

ታዲያ በንፋስ ምንም ማስተካከል አይቻልም ማለት አይደለም። አዲሶቹን ወደ ኋላ ካዞሩ በኋላ አራቱንም በተለጠፈው ቁጥር ይሙሉ፣ ለጥቂት ቀናትም በዚያው ይንዱ። አሁንም የኋላው ቶሎ የሚለቅ ከመሰለዎ የኋላውን 32 ላይ ትተው የፊቱን 33 ወይም 34 ያድርጉ፤ የፊቱ መያዝ በጥቂቱ ስለሚቀንስ የመኪናው ሚዛን ወደ ኋላው ያደላል። በአንድ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ፒ.ኤስ.አይ በላይ አይቀይሩ፤ ከተለጠፈው ቁጥር በታችም አይውረዱ። በሩ ላይ ያለው ቁጥር የመኪናውን ክብደት፣ የክብደቱን አቀማመጥና የጎማውን ልክ ተመልክቶ የተሰጠ ስለሆነ ከመኪና መኪና ይለያያል። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቀላል ስለሆነች የተሰጣት 26 ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠው ፖርሽ 911 ደግሞ ከኋላ ከፊቱ በግልጽ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። የጓደኛን ቁጥር ተውሶ መሙላት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው ላይ የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ካለ በእርሱ አይተማመኑ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የተሠራ ከሆነ መብራቱ የሚበራው ንፋሱ ከተለጠፈው 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ በእርስዎ መኪና ይህ 24 ፒ.ኤስ.አይ ማለት ነው። ጎሚስታዎ የመከሩት 22 ከዚያም በታች ነው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ ጠዋት ጠዋት በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ እወርዳለሁ። ለስፖርት መኪናዬ ሦስት ዓይነት ጎማ ቀርቦልኛል፦ የመልበስ ቁጥሩ 500 የሆነ አዲስ፣ ቁጥሩ 200 የሆነና ጥርሱ ትንሽ የሆነ «የውድድር» ጎማ፣ እና ከአውሮፓ የመጣ፣ ያገለገለ ግን ጥርሱ ያላለቀ የበረዶ ጎማ። መንገድ የሚይዝልኝ የትኛው ነው? (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ እንደ ቀረቡልዎ ከሆነ ሦስቱንም ትተው አራተኛ እንዲፈልጉ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን በየተራ ላስረዳ።

የበረዶው ጎማ ላስቲክ በቅዝቃዜ እንዳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ነው። በእኛ አገር የቀን ፀሐይ በሞቀ አስፋልት ላይ እንደ ሰም ይሟሽሻል፤ ፍሬን ሲያዝ ይርቃል፣ በኩርባ ላይም ጥርሱ ይተጣጠፋል። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ካዩ የዚያ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የአራቱም ወቅት ጎማዎችም ይህን ምልክት ይይዛሉ። ያገለገለ እንደመሆኑም ዕድሜውን ይመልከቱ፦ ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በስተመጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2011 መገባደጃ አካባቢ የተመረተ ነው። አኃዙ በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ሻጩ ጎማውን በጀርባው እስኪያዞርልዎ ድረስ አይክፈሉ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ በብዛት ይሸጣል፤ ጥፍርዎን ሲጫኑበት እንደ እንጨት የሚመልስ፣ በቦዮቹ ሥር ስስ ስንጥቆች የሚታዩበት ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ የሚረዳዎ ነገር የለም።

የመልበስ ቁጥር የሚባለው አሜሪካ ለሚሸጡ ጎማዎች አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ንጽጽር ነው፤ 100 ተብሎ ከተወሰደው መነሻ ጎማ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚቆይ ይናገራል። ከፍ ያለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጠንካራና ዘላቂ ላስቲክን፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ለስላሳና የሚቆነጥጥ ላስቲክን ያመለክታል። የአንዱን አምራች 300 ከሌላው 300 ጋር እኩል አድርጎ ማየት ግን አይገባም። ከአጠገቡ የሚጻፈው «ትራክሽን» (መሬት መቆንጠጥ) የተባለው ደረጃ ደግሞ ስሙ እንደሚያስመስለው አይደለም፤ ከሁለት ኤ እስከ ሲ ያለው ይህ ደረጃ የሚለካው ቀጥ ባለ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው፤ በኩርባ ላይ ጎማው ምን እንደሚያደርግ አይነግርዎትም።

500 የሆነው ጎማ ለቤተሰብ መኪና መልካም ነው፤ የስፖርት መኪናን ጉልበትና ፍሬን ግን ብዙ ጊዜ አይመጥንም። «የውድድር» ያሏቸው ጥርሱ ትንሽ ጎማ ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ አይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ሱሉልታ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ ከቤት ወጥተው የእንጦጦን ቁልቁለት እስኪጀምሩ ድረስ ያ ላስቲክ አይሞቅልዎትም። የበጋ ስፖርት ጎማ የሚባለው ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች መጠንከር ይጀምራል፤ የውድድሩ ከዚያም ቀድሞ።

እኔ ብሆን የምፈልገው በእርጥብ መንገድ ጥሩ ደረጃ ያለው፣ ቦዮቹ ጥልቅና ሰፋፊ የሆኑ የመንገድ ስፖርት ጎማ ነው። ማለዳ ቀድመው የሚወጡ ስለሆነ ለአራቱም ወቅት ተብሎ ከተሠራው የስፖርት ዓይነት ቢመርጡ የበለጠ ይስማማዎታል። ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ጎማ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ካገኙ፣ የዝናብ ደመና የተሳለበትን ረድፍ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ ኤ የተሻለው፣ ኢ የመጨረሻው ነው። ከልኩ ቀጥሎ ካለው የጭነት ቁጥር በኋላ የሚመጣው ፊደል የፍጥነት አቅሙን ይናገራል፦ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብሊው እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ማንም በዚያ ፍጥነት ይንዳ ማለቴ አይደለም፤ ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ በአብዛኛው ሙቀትንና ጭነትን እንዲችል ሆኖ ስለሚሠራ፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ፊደል በታች አይውረዱ።

ጥያቄ፦ ከቀትር በኋላ ለገጣፎ ውስጥ ጎማዎቼን 32 አስሞላሁ። አዳማ አድሬ በማግሥቱ ማለዳ በራሴ መለኪያ ስለካ አራቱም 30 ሆነው አገኘኋቸው። አራቱም በአንድ ሌሊት ሚስማር ወጋቸው ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ አልወጋቸውም፤ መለኪያዎም አልተሳሳተም። አራቱም እኩል መጉደላቸው ራሱ ሚስማር አለመኖሩን ይመሰክራል። የጎደለው ገሚሱ የከፍታ፣ ገሚሱ የሙቀት ጉዳይ ነው።

የጎማ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ለገጣፎ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል በዚያ ያለው የውጭ አየር ግፊት 11 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ነው፤ አዳማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የውጭው ግፊት ወደ 12 ይጠጋል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ሳይነካ፣ ዝቅ ወዳለ አገር በመውረድዎ ብቻ መለኪያው 1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ቀሪው ሙቀት ነው፤ በእንደ እርስዎ ጎማ ውስጥ የ10 ዲግሪ ልዩነት 1.5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ያወጣል ወይም ያወርዳል። ከቀትር በኋላ ሞቆ የተሞላ ጎማ ንጋት ላይ ሲለካ መጉደሉ የማይቀር ነው።

ለለገጣፎ ነዋሪ ከፍታው ያን ያህል ሊያሳስበው አይገባም፤ ተመልሰው ሲወጡ ያችው 1 ትመለሳለች። የሚሞላበት ሰዓት ግን ብዙ ለውጥ ያመጣል። በመኪናው በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር «ቀዝቃዛ» ለሆነ ጎማ የተሰጠ ነው፤ ይኸውም መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት የቆመ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልበለጠ መንገድ በዝግታ የተነዳ ሲሆን ነው። በፍጥነት መንገዱ ደህና አድርጎ የተነዳ ጎማ ከቀዝቃዛው ቁጥር በ4 ወይም በ5 ፒ.ኤስ.አይ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ይህም ሲሠራ ታስቦበት ነው። ዱከም ላይ ቆሞ «በዝቷል» ብሎ ከሙቅ ጎማ ንፋስ ማስወጣት በማግሥቱ ጠዋት ጎድሎ ለመነሳት መዘጋጀት ነው። የራስዎ መለኪያ ስላለዎት ደስ ብሎኛል፤ በየጎሚስታው የኮምፕሬሰር ቱቦ ላይ ያለው መለኪያ ወድቆ ተነሥቶ የሚውል ስለሆነ ከሁለት ጎሚስታ ሁለት የተለያየ ቁጥር ማግኘት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ናይትሮጅን ማስሞላት መንገድ አያያዝን ያሻሽላል? (አንባቢ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ በቀጥታ አያሻሽልም። ከኮምፕሬሰር የሚወጣው አየርም 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። የተጣራው ናይትሮጅን ጥቅሙ ደረቅ መሆኑና ትንሽ ቀስ ብሎ መጉደሉ ነው፤ የውድድር ቡድኖች የሚወዱትም እርጥበት የሌለው ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ በሚገመት መንገድ ስለሚጨምር ነው። ለመንገድ መኪና ያንን ገንዘብ ለጥሩ መለኪያ ቢያውሉት የበለጠ ያተርፋሉ።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችን ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያም በፊት ገልባጭ መኪኖች ጭቃና ጠጠር የሚያራግፉበት ቦታ አለ። የመኪናዬ ጎማ 225/45 አር 17 ስስ ስለሆነ ቸርኬው እንዳይመታ ብዬ ጎማው ጎን ላይ እንደተጻፈው 44 አስሞላዋለሁ። ከጎማዎቹ አንዱ ጎኑ ላይ የዕንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አውጥቷል። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ያበጠውን ጎማ ዛሬውኑ ያውርዱት። እብጠቱ የሚያሳየው በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ተበጥሰው ንፋሱን የያዘው ላስቲኩ ብቻ መሆኑን ነው፤ አይጠገንም፣ በመጠባበቂያነትም መቀመጥ የለበትም።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 44 የመኪናዎ ቁጥር አይደለም። ያ አኃዝ ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ግፊት ሲሆን፣ አምራቹ ጎማው በየትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም ሳያውቅ የጻፈው ነው። የመኪናዎ ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በነዳጅ መክደኛው ውስጥ አለ። 44 ላይ የጎማው መሃል ብቻ መሬት ስለሚነካ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ይርቅብዎታል፣ ኮብልስቶኑ ላይም እየነጠረ ይሄዳል፤ በመንጠር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ጥርሱ መሃል ለመሃል ቀድሞ አልቆ ከሆነ ማስረጃው እዚያው ነው። በተቃራኒው ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው ቢያልቁ ንፋስ ይጎድል እንደነበር፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ቢያልቅ ደግሞ አላይመንት እንደሚያስፈልገው ይወቁ።

የችግርዎ መፍትሔ ያለው በልኩ ላይ ይመስለኛል። 225/45 አር 17 ማለት ወርዱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 45 በመቶ፣ ማለትም 101 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቸርኬውም 17 ኢንች ነው። ወደ 205/55 አር 16 ቢወርዱ የጎኑ ቁመት 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ትራስ ያገኛሉ ማለት ነው፣ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር ግን ከ632 እስከ 634 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ስለሚቆይ የፍጥነት መለኪያዎ አይዛባም። ጠበብ ያለው ጎማ ደረቅ ኩርባ ላይ ጥቂት ይቀንስብዎታል፤ በተኛ ውሃ ላይ ግን ከሰፊው ዘግይቶ ነው የሚንሳፈፈው። ለእርስዎ መንገድ ይህ ልውውጥ የሚያስከፋ አይደለም። በበሩ ጽሑፍ ላይ 16 ኢንች ካለ የንፋሱን ቁጥር ከዚያው ይውሰዱ፣ የጭነት ቁጥሩም (ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚናገረው) ከነባሩ ያነሰ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ቸርኬዎቹን ከመግዛትዎ በፊት ግን ሻጩን አንዱን ብቻ ያለ ጎማ እንዲያውስዎ ይጠይቁና በፊት እግር ላይ አስገጥመው በእጅዎ ያዙሩት። የስፖርት መኪና የፊት ፍሬን ትልቅ ስለሆነ 16 ኢንች ቸርኬ የፍሬኑን መያዣ ሊነካ ይችላል፤ ከፊት ካለፈ ከኋላም አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።